ሁለት የመጻጉዕ እሑዶች

እሑድ መጋቢት 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መጻጉዕ ነበር፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። ወንጌሉ ያው የምናውቀው ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ታሞ የተኛ ሰው አለ። መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ አዎን ወይም አይ ብሎ አልመለሰም። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። እኔ የማስቀድስበት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የካቶሊክ ቁምስና ቆሞስ ይህን ወንጌል አንብበው ዝም አሉ። ረጅም ስብከት ስለለመድን ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥለው ሐሙስ ዕለት የቀበርነውን ካቴኪስታችንን በስሙ ጠሩት፤ «እሱም ሰው አልነበረውም» አሉና ቅዳሴያቸውን ቀጠሉ።

ስብከቱ ይኸው ነው። ወደ ካቴኪስቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

አምና መጻጉዕ የዋለው መጋቢት 6 ነው። ከዚያ በሁለት ቀን ቀድሞ፣ ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ቫይረሱ እንደተገኘበት ጤና ሚኒስቴር አስታወቀ። በአገሩ ሁሉ የታወቀው በሽተኛ አንድ ሰው ነበር። አንድ! በማግስቱ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው የት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ያን እሑድ ከቅዳሴው ሰው እኩሌታው አልመጣም። የመጣውም በሰላምታው ጊዜ እጁን ነጠላው ውስጥ ሸሽጎ በአንገቱ ብቻ እጅ ነሣ። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስብሰባ ተከለከለ። ጥቂት ቆይቶ የእኛም በር ተዘጋ። መጋቢት 27፣ የኒቆዲሞስ እሑድ ዕለት፣ የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአገሪቱ በሙሉ የተያዘው ሰው 60 አልሞላም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጻጉዕስ? የተያዘው ከ200 ሺህ፣ የሞተው ከ2 ሺህ 500 በላይ ሆኖ ነበር። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ሞልቶ ሰው ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይንከራተት ነበር። እኛ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመን እናስቀድስ ነበር። ከፊቴ በነበሩት ሦስት ረድፎች ጭምብሉን አፍንጫው ላይ ያደረገው ከግማሽ አይበልጥም። የቀረው አገጩ ላይ ሰቅሎታል። አንዱማ ክርኑ ላይ አድርጎታል፤ ክርኑ እንዳይታመምበት ይሆናል።

«ካቶሊክም መጻጉዕ አለው እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሁልጊዜ ስለምጠየቅ አሁኑኑ ልመልስ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 0.7 የሆንን ጥቂቶች ነን። ከእኛ ውስጥ የአዲስ አበባው፣ የዓዲግራቱ፣ የእምድብሩና የባሕር ዳር-ደሴው ሀገረ ስብከት በግእዝ ሥርዓት ያስቀድሳሉ፤ በደቡብና በምዕራብ ያሉት በላቲን ሥርዓት። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያልን እሑዶቹን የምንቆጥረው እንደ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ነው። ፋሲካንም ከአገራችን ሰው ጋር በአንድ ቀን እንፈስካለን። ከላቲኖቹ ወርሰን በጾሙ ላይ የጨመርናት ነገር ፍኖተ መስቀል ናት። በየዓርቡ ጌታ ከጲላጦስ ፊት እስከ መቃብሩ የሄደበትን መንገድ በ14 ምዕራፍ ከፍለን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሥዕሎች ሥር እየቆምንና እየተንበረከክን፣ በዝማሬ እንዞራለን። እናቴን «ጾሙን በምን ታውቂዋለሽ?» ብትሏት ሽሮ አትላችሁም። ፍኖተ መስቀል ነው የምትላችሁ።

እንግዲህ አምና በሩ ሲዘጋ ለእናቴ የተዘጋው እሱ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ስኳርም አለባት። ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ዓርብ ዕለት ነጠላዋን ለብሳ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልሄደችም፤ አላወለቀችም። በሁለተኛው ዓርብ ግን ልጄን ጠርታ ከደብተሯ ወረቀት አስቀደደቻትና ከአንድ እስከ 14 ቁጥር አስጻፈቻት። አንደኛው ምዕራፍ የውጭው በር ላይ ተለጠፈ። ጌታ መጀመሪያ የወደቀበት ሦስተኛው ፍሪጁ ላይ። ስምዖን ቀሬናዊ መስቀሉን የተሸከመበት የውኃ በርሜሉ ላይ፤ እሱ ላይ እናቴ «ይስማማዋል» ብላ ሳቀች። ስቅለቱ የሷ መኝታ ቤት ሆነ። አሥራ አራት ምዕራፍ በሁለት ክፍል! ከአንዱ ወደ ሌላው አንድ እርምጃ አይሞላም። እሷ ግን በእያንዳንዱ ተንበረከከች፤ ጉልበቷን ደግፈን አነሣናት። ከታች ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን «ዛሬ ምን እየወደቀባችሁ ነው?» ብለው ጠይቀውን ስንነግራቸው በሚቀጥለው ዓርብ ለጉልበቷ የምትሆን ፍራሽ መሳይ ነገር ሰጡን።

የእሑዱ ቅዳሴ ደግሞ በስልክ መጣ። ቆሞሱ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአንድ ዲያቆንና ከሁለት ደናግል ጋር ይቀድሳሉ፤ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ በፌስቡክ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው እሑድ ምስሉ ተገልብጦ ቆሞሱ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠለጠሉ። በሁለተኛው ድምፅ ጠፋ። በሦስተኛው ኔትወርኩ ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ ላይ ቆሞ ሲመለስ ቁርባን አልፏል። ሰው ከታች «አሜን» ይጽፋል፣ ልብ ይልካል፣ አንዱ «ማነሽ፣ ናፈቅሽኝ» ትላለች ሌላዋን። እናቴ ይህን ሁሉ አታይም። ስልኩን ኮመዲኖ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አቁማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ወንጌል ሲነበብ ትቆማለች።

በስልክ የሚታይ ቅዳሴ ቅዳሴ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይደለም እላለሁ። ከንቱ ነው ወይ ካላችሁኝም አይደለም ነው መልሴ። ካቶሊክ በዚህ ነገር ግትር ነው። ምሥጢር በአካል ነው። ቁርባን በስልክ አይመጣም፤ ኑዛዜ በስልክ አይሰማም፤ የሕሙማን ቅብዓት በቪዲዮ አይቀባም። ዘይቱ ግንባርህን ካልነካ አልተቀባህም። ለዚህ ነው የበሩ መዘጋት ለእኛ ከጉባኤ መቅረት የባሰ የሆነብን። በጾም ወቅት መናዘዝ፣ በፋሲካ መቁረብ ከልጅነታችን የተከልነው ምሰሶ ነው፤ እሱ ሲነቀል ቤቱ ይነቃነቃል።

ሮምም ጭንቅ ላይ ነበረች። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በመጋቢት 11 የማለዳ ቅዳሴያቸው፣ ካህን ማግኘት ያልቻለ ሰው በእውነተኛ ጸጸት በቀጥታ ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገር፣ ሲመቸው ደግሞ ሄዶ ይናዘዝ ብለው አስተማሩ። አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው፤ እንዲያው የሚያስፈልግበት ቀን ስላልመጣ ማንም አላነበበውም። መጋቢት 18 ማታ ደግሞ በዝናብ፣ ባዶ በሆነው የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ብቻቸውን ቆመው ጸለዩ። ከኋላቸው የቆመው ትልቁ የእንጨት መስቀል እ.ኤ.አ. በ1522 ሮም በወረርሽኝ ስትመታ ሕዝቡ በየሰፈሩ ተሸክሞ የዞረበት ነው። እኛ ቤት በቴሌቪዥን አየነው። እናቴ ስለ መስቀሉ ታሪክ የሰማችው ነገር የለም፤ ያስጨነቃት ሌላ ነው። «ሽማግሌውን እንዲህ በዝናብ ያቆሙታል?» አለች።

ወረርሽኝ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ስላልሆነ፣ በር መዝጋትም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1576 ሚላኖ በወረርሽኝ ስትያዝ ሊቀ ጳጳሱ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዮ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ሲታዘዝ በየመንገዱ መገናኛ መሠዊያ አስተከለ፤ ሰው በመስኮቱ ሆኖ አስቀደሰ። ከመኖሪያ ቤቱ መጋረጃ አስወርዶም ለድሆች ልብስ አሰፍቷል። ኳራንቲን የምንለው ቃል ራሱ ጣሊያኖች መርከበኛውን ሁሉ አርባ ቀን ለይተው ካቆሙበት ዘመን የመጣ ነው። ዐቢይ ጾምንም «ኳሬዚማ» ይሉታል። ሁለቱም ከአርባ የተወለዱ ናቸው። የእኛ ጾም 55 ቀን ስለሆነ አምና ወሸባ የገባነው ከነምርቃቱ ነው።

ታዲያ አምና በሩ ሲዘጋ «እምነት ጎድሏችሁ ነው» ያሉን ነበሩ። ከውጭ ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን ምእመናንም። አንድ የታወቁ አባት የግቢው የብረት በር ላይ በጡጫ እየመቱ «ሰማዕታት በአንበሳ ፊት ቀደሱ፣ እናንተ ከጉንፋን ትሸሻላችሁ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቆሞሱ ከውስጥ ሆነው የመለሱላቸውን አልረሳም። «አባባ፣ ሰማዕታቱ የተበሉት ራሳቸው ናቸው፤ ጎረቤታቸውን አላስበሉም» አሉ። ሽማግሌው አልተደሰቱም። ተሳልመው ሄዱ። እኔ ግን የአምናውን ጾም የተረዳሁት በዚያች መልስ ነው። ጥሉላት ስንተው በገዛ ሆዳችን ላይ ነው የምንፈርደው። ቅዳሴ ስንተው ግን ስለማናውቀው ሰው፣ ስለ አንዲት ስኳር በሽተኛ አሮጊት፣ ስለ አንድ አስም ስላለበት ዘበኛ ብለን ነው የተውነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጾም ጾመን አናውቅም።

ይህን ስል ያን ወቅት የቅድስና ዘመን ላስመስለው አይደለም። ከቁምስናው በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ እናት አሉ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የሚሸጡት ግን ለእኛ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ሲዘጋ ገበያቸውም ተዘጋ። ልብ ያለችው ከመዘምራኑ አንዲት ልጅ ናት፤ ቤታቸውን አጠያይቃ ስትሄድ ሴትዮዋ የተናገሩትን እንደወረደ ነገረችን። «እናንተ ከቤታችሁ ጸልዩ ተባላችሁ፤ እኔስ ከቤቴ ምን ልብላ?» በየተራ የሃይማኖት አባቶች በቴሌቪዥን ቀርበው የሚያስጸልዩበት የአንድ ወር ጸሎት በታወጀበት ሰሞን ነው ይህ የሆነው። ልጅቷ ይህን በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ስትጽፍ ለሁለት ሰዓት ማንም አልመለሰም። ከዚያ አንዱ «ስንት ቤት ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ጾም፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ሲባል ሦስተኛው ሁልጊዜ ትንሽ ይሸማቀቅ ነበር። በጾሙ ወቅት የሆድ ቁጠባችንን የምንከትባት ካርቶን ሣጥን ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አለች፤ በፋሲካ ስትከፈት የአንድ ብር ኖት ይበዛባታል። አምና ሣጥኗ ባዶ ሆና ሳለ ነው ማዕድ ማጋራቱ የተጀመረው። ፊኖ ዱቄት፣ ዘይት፣ ምስር፣ ሳሙና። በየሰፈሩ ያሉት ትንንሽ የጸሎት ማኅበራት፣ ቀድሞ በየወሩ ተሰብስበው ወንጌል የሚያነቡና ሻይ የሚጠጡ፣ ስም ዝርዝር ማውጣት ያዙ፤ ልብስ አጣቢዋ፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የተነሣባት። ሃይማኖት አልተጠየቀም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ቢጠየቅማ ከመቶ 0.7 ስለሆንን ዱቄቱን ለራሳችን ሰጥተን እንገባ ነበር። ዘይት የምታመላልሰው ታክሲ ያንድ ምእመን ናት፤ ሥራ ስለቆመ ቤንዚኑን ብቻ ከቻላችሁልኝ ብሎ ሙሉ ሰሞነ ሕማማቱን ሠራ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ቆሞሱ በየዓመቱ የ12 ሰው እግር በሚያጥቡበት ሰዓት፣ እግር ማጠቡ ስለቀረ ግቢው ውስጥ ዘይት በግማሽ በግማሽ ሊትር ሲቀዱ አገኘኋቸው። መነጽራቸው ሳይቀር ዘይት ሆኖ ነበር።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። በአገሪቱ የተያዘው ሰው መቶ ገደማ ነበር። መቶ!

አሁን ወደ ዘንድሮ። አዋጁ አበቃ፤ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ በመግቢያው ሙቀት ይለካ፣ በየወንበሩ ሁለት ሰው ብቻ ይቀመጥ፣ ስም ይመዘገብ ነበር። መዝጋቢው ደከመው። የሙቀት መለኪያው ባትሪ አለቀ፤ ገዢ አልተገኘም። በወንበሮቹ ላይ «እዚህ አይቀመጡ» የሚለው ወረቀት ተቀደደ፤ ሰው ተቀመጠበት። ማንም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ድካም ነው። ፍርሃት እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። አምና ያዘጋን ፍርሃቱ ነው ወይስ ፍቅሩ የሚለውን ዘንድሮ ነው የምናውቀው፤ እስካሁን በማየው ግን ፍርሃቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

ካቴኪስታችን 61 ዓመቱ ነበር። ሦስት ትውልድ ለመጀመሪያ ቁርባን ያዘጋጀ ሰው ነው፤ እኔንም፣ ልጄንም። በቅድስት ሳምንት አተነፋፈሱ ከበደ። ልጆቹ ሦስት ቦታ ዞረው በአራተኛው አልጋ አገኙለት። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ሠራተኞቹ እንቅልፍ አጥተው የሚውሉ ናቸውና። ባለቤቱ ለቆሞሱ ደወለች። ምሥጢረ ቀንዲል ይፈጸምለት አለች። ቆሞሱ ዘይታቸውን ይዘው ሄዱ፤ በሩ ላይ «አይቻልም» ተባሉ። መከላከያ ልብስ ለሐኪሞቹም አልበቃ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሉውን እዚያው በር ላይ ቆሙ። አንዲት ነርስ አዘነችላቸውና ስልኳን ይዛ ገባች፤ እሳቸው ከውጭ የሕሙማንን ጸሎት አነበቡለት። ቅብዓቱ ግን በስልክ አይሆንም አላልኩም? አልሆነም። ይህንን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው፤ ሰባቱን ምሥጢራት በጣታችን እያስቆጠረ። ረቡዕ ሌሊት ዐረፈ። ዘይቱ የቆሞሱ ኪስ ውስጥ ነበር።

በየት እንደያዘው ማንም አያውቅም፤ እኔም አልልም። የማውቀው በምኩራብ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ እንደነበረ ነው፤ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ስሙ ለጸሎት ሲጠራ፣ «አሜን» ካለው ሰው ግማሹ ጭምብሉ አገጩ ላይ እንደነበረም አውቃለሁ።

ስለ ዘንድሮው ጾም ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። ቁርባን በእጅ ተቀበሉ መባሉ ብዙ ሽማግሌ አስቀይሟል። በምላስ ለኖረ ሰው ከባድ ነው። ግን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ የሚሰጠው ትምህርት ግራ እጅህን ለቀኝህ ዙፋን አድርገህ ንጉሡን ተቀበል የሚል ሐሳብ አለው። ቆሞሱ ይህን ሲያስረዱ እናቴ ሁለት እጇን አነባብራ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እጄ ግን ሽንኩርት ይሸታል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት አትልጥም፤ የመላጡ ሥራ ለእኔ ወርዷል።

የክትባቱ ወሬም አለ። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በታወቀ ልክ በዓመቱ፣ በአገራችን ክትባት መሰጠት ተጀመረ፤ ቅድሚያው የጤና ባለሙያዎች ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ 666 የሚለውም፣ ከፅንስ የተሠራ ነው የሚለውም አለ። የመጀመሪያውን ለተናጋሪው እተዋለሁ። ሁለተኛው ግን ቅን ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። አንዳንዶቹ ክትባቶች ሲዘጋጁ ወይም ሲፈተሹ ከብዙ ዓመታት በፊት ከተቋረጠ ፅንስ የተገኘ የሕዋስ ዘር ጥቅም ላይ ውሏል። ቫቲካን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ባወጣችው መግለጫ፣ ሌላ አማራጭ በሌለበት እነዚህን መከተብ በሥነ ምግባር የተፈቀደ ነው ብላለች፤ መከተብ ግዴታ ሳይሆን በፈቃድ መሆን እንዳለበትና ያልተከተበ ሰው ሌላውን ላለማስያዝ የተቻለውን እንዲያደርግም አክላለች። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በጥር ተከትበዋል። ይህን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉልን ብዬ ጠይቄ እስካሁን አልተለጠፈም።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ወሬ ጉዳይ ይኸው፤ ቅዳሜ የቁምስናው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ለሰሞነ ሕማማት ምን ይደረግ የሚለው ነው አጀንዳው። የ2013 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሆነ ጊዜ አለን። ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው እንደ አምናው ይዘጋ የሚል ነው። እኔ አልደግፈውም፤ ጧፍ ሻጯንም፣ እናቴንም አምና አይቻቸዋለሁ፤ ደግሞም ትእዛዝ ሳይመጣ የሚዘጋ ሰው አይኖርም። ሁለተኛው እንዳለ ይቀጥል ነው፤ ይህን ያቀረቡት የመዋጮ ጉዳይ የሚያሳስባቸው ናቸው፤ ስጋታቸው ውሸት አይደለም፤ የጣሪያው ዕዳ አለ። ሦስተኛው ቅዳሴውና ፍኖተ መስቀሉ ከሆሳዕና ጀምሮ ግቢው ውስጥ፣ ከሰማይ በታች ይሁን የሚል ነው። ድንኳን ያለጎን መጋረጃ፤ ወንበር በሁለት ሜትር ርቀት፤ ሽማግሌዎች በማለዳው ቅዳሴ ለብቻቸው፤ ጭምብል በበሩ ላይ፤ የሌለው እዚያው ይሰጠው። ዝናብ ቢመጣስ ይላሉ። ይምጣ! የሮሙ ሽማግሌ በዝናብ ቆሞ የለም ወይ።

ወጪውን አስልቻለሁ። ድንኳኑ ከእድር በነጻ ይገኛል፤ እድራችን ለቅሶ ቤት ድንኳን መትከል ካቆመ ወዲህ ሸራው መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ አይጥ ሊበላው ነው። ድምፅ ማጉያው አለን። ወንበሩን ከውስጥ ማውጣት የወጣቶቹ ሥራ ነው፤ አምና ዘይት የተሸከሙት እነሱው ናቸው። ጭምብሉን ከማን እንደምንገዛ ደግሞ ሳንነጋገር ተስማምተናል። ጧፍ ሻጯ ከጧፋቸው ጎን ጭምብል መሸጥ ከጀመሩ ወራት ሆኗቸዋል፤ ራሳቸው ግን አያደርጉም፤ «ገበያዬ አያውቀኝም» ይላሉ።

አሥራ አራቱን ምዕራፍ ከግድግዳው አውርደን ግቢው ውስጥ በየዛፉ ማሰር አለብን። ይህን ሥራ እናቴ ወስዳዋለች። ትናንት ማታ ልጄን አስቀምጣ የግቢውን ካርታ በደብተር አሥላለች። አንደኛው የብረቱ በር ላይ ነው። ስምዖን ቀሬናዊን የት እንዳደረገችው ጠየቅኳት። ቧንቧው አጠገብ አለችኝ፤ እዚያ ጥላ አለ፤ ዱካዋንም የምታኖረው እዚያው ነው።